ነጠላዬን ሳልመልስ የገባሁበት የእንግዳ ቤት

ዜና በመጻፍ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን መቀሌ ውስጥ አማርኛ አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ስላልነበረ በፈተና ተቀጠርኩ፤ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬ ስብሰባ መሄድ፣ የተባለውን መመዝገብ፣ ተመልሶ መጻፍ ነበር። የውሃ ጉድጓድ ተመረቀ፤ ጻፍኩ። የሥልጠና ማዕከል ተከፈተ፤ ጻፍኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት «እኔ» የሚል ቃል በጽሑፌ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። አሁንም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ጀመርኩ። ቤታቸውን በቀን ለእንግዳ ስለሚያከራዩ ሰዎች እጽፋለሁ። ሰው በዚህ ዕድሜ ሙያ ይቀይራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የቀየርኩት በአንድ ጠዋት ነው፤ ዓይደር፣ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ። በዚያ ግቢ አንድ አባት በእንግድነት ያድሩ ነበር። ልጃቸው ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው፤ ትትረፍ አትትረፍ አያውቁም።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። የደወለችልኝ በአንድ ወቅት ከዩኒቨርሲቲው ለልምምድ ወደ ዜና ክፍላችን የመጣች ልጅ ናት። ያኔ ጽሑፏን በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝኩ አስለቅሻታለሁ። አሁን አዲስ አበባ ሆና በኢንተርኔት የሚነበብ የጉዞና የማረፊያ መጽሔት ታዘጋጃለች።

«እትዬ፣ ሥራ አለ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ! ሰው ቤቱን ለአንድ ቀን፣ ለሦስት ቀን፣ ለሳምንት ማከራየት ጀምሯል። ፎቶውን በስልክ ይለጥፋል፣ እንግዳው ይመጣል፣ ቁልፍ ይቀበላል። መቀሌም አለ አይደል?»

«አለ ይባላል።»

«‹ይባላል›ን ይተዉትና ሄደው ይዩልኝ። ማን ነው የሚያከራየው? እንግዳ እንዴት ይቀበላል? በየሳምንቱ አንድ ቤት ይጽፉልኛል።»

«እኔ ስለ አልጋና ስለ ትራስ ልጽፍ?»

«ስለ ውሃ ጉድጓድ ሠላሳ ዓመት ጽፈው የለ?» አለችና ሳቀች። ያስለቀስኳትን እየመለሰች መሆኑ ገባኝ። አንድ ቤት ልሞክር ብዬ ዘጋሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሮማናት አካባቢ ነው። አንድ ወጣት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ያከራያል። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው። እንግዳው ቁጥሩን በስልክ ይቀበላል፣ ባለቤቱን ሳያይ ይገባል፣ ሳያይ ይወጣል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ መዘገብኩ፣ ጽፌ ላክሁ። በማግሥቱ ደወለች።

«እትዬ፣ አልጋው ሜትር ከሃምሳ መሆኑን ተረዳሁ።»

«ለክቼ ነው።»

«መጋረጃውም ቡናማ መሆኑን።»

«ትክክል ነው።»

«ሰውስ የት አለ?»

ሰው አላየሁም፤ ባየውስ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም ነበር። ቀይ እስክሪብቶ በእጇ ባይኖርም እንደሰረዘችኝ ቆጠርኩት። ሥራውን ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን በተሰረዘ ጽሑፍ መቅረት አልወደድኩም። ቤት የሚያገናኝ አንድ ደላላ ጠየቅኩ።

«ኣደይ፣ እናቴ፣ ሮማናት ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «እዚያ ያለው ነጋዴና ሙሽራ ነው። ዓይደር ይሂዱ። እዚያ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ አልጋ ባይኖራቸው እንኳ ሰው አይመልሱም።»

ሴትዮዋ ሃምሳን አልፋለች። ግቢዋ ውስጥ በተርታ የተሠሩ አራት ክፍሎች አሉ። ድሮ በወር ታከራያቸው ነበር። አሁን በሽተኛ ይዘው ከሩቅ ለሚመጡ ቤተሰቦች በቀን ትሰጣለች። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው አጠገብ የሚያድረው አንድ አስታማሚ ነው፤ ሌላው የሚተኛበት ይፈልጋል። ፎቶውን በስልክ የለጠፈላት የእህቷ ልጅ ነው። አብዛኛው እንግዳ ግን ፎቶ አይቶ የሚመጣ አይደለም። ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ተሸክሞ ከሆስፒታሉ በር እየጠየቀ ይመጣል።

«ከመይ ውዒልክን ኣደይ፣ ይግቡ» ብላ ሰላም አለችኝ። ያወራነው በትግርኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ አስፍሬዋለሁ።

ሥራዬን ነገርኳት። አልጋዎቹን አሳየችኝ። እንደ ልማዴ ልለካ ስል ግድግዳው ላይ ረጅም ምስማር አየሁ። በየክፍሉ አለ፤ በሰው ቁመት ልክ።

«ይሄ የምን ነው?»

«የኤክስሬይ። ፍራሽ ሥር እያደረጉት ይታጠፍባቸዋል። ወረቀቱም ይጠፋባቸዋል። አሁን እንደገቡ ፌስታሉን እዚህ ይሰቅላሉ፤ ጠዋት ሲወጡ ዐይናቸው ያየዋል።»

ምስማሩን በማስታወሻዬ ጻፍኩት። የሜትሩን ነገር ረሳሁት።

ሌላም አየሁ። ከሆስፒታል የሚመለስ እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲገባ «እንዴት ዋለች?» «ምን አሉህ?» አትልም። ሥራዋን ይዛ ቀና ትላለች፣ «ሻይ አለ» ትላለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ ሻዩን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ስለዚህ ጠየቅኳት።

«ቀኑን ሙሉ ሲጠየቁ ነው የሚውሉት» አለችኝ። «የሐኪሙን ጥያቄ፣ የዘመዱን ጥያቄ። እዚህ ደግሞ እኔ ልጀምራቸው?»

እኔ የኖርኩት በመጠየቅ ነው። ሳይጠይቁ ማወቅ ያን ያህል ሙያ መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

አባትየውን ያገኘኋቸው እዚያው ነው። መጨረሻው ክፍል በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ከሩቅ ገጠር ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የመጡት። ልጃቸው ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ ሆዷ ውስጥ እባጭ ተገኝቷል። ሚስታቸው ሆስፒታል ከልጅቷ ጋር ነው የምታድረው። ኦፕራሲዮኑ ከነገ ወዲያ ነው። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ብዙ ሰው ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ጥቂት አውቃለሁ።»

«ሆዱ ተከፍቶ የተረፈ ሰው ያውቃሉ?»

ቤቱ ውስጥ ያረፈውን ሁሉ፣ ሱቅ የሚሸጠውን ሳይቀር፣ ይህንኑ እንደጠየቁ በኋላ ሰማሁ።

«እኔ አለሁ» አልኳቸው። «ትርፍ አንጀት ነበረብኝ። ልጅ ሳለሁ።»

ዐይናቸው ወደ ሆዴ ሄደና ነውር መሆኑ ትዝ ብሏቸው መለስ አደረጉት። «ከእንግዶቹ አንድ» አሉ። «የባለሱቁ ወንድም ሁለት። እርስዎ ሦስት ነዎት።» በጣታቸው ነበር የሚቆጥሩት።

ልወጣ ስል የቤቱ ባለቤት በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «የቤቱን ሥራ ማየት ከፈለጉ ከነገ ወዲያ በጠዋት ይምጡ፤ ሳይነጋ። እንግዶቼ ወደ ሆስፒታል የሚወጡት ያኔ ነው። እሳቸውም ያኔ ይሄዳሉ።»

በተባለው ቀን ከምኖርበት ከሓድነት በባጃጅ ሄድኩ። ሰማዩ ገና መቅላት ሲጀምር ነው። የእንግዳ ቤቱ ግቢ ወዳለበት ጠባብ መንገድ ስገባ መንገዱ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የሰፈሩ አንድ አዛውንት ሌሊቱን ዐርፈዋል። ደጃቸውን ረግጬ ማለፍ አልቻልኩም። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ገባሁ፣ ጥቂት ተቀመጥኩ። ስነሣ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ተነሡ። የዚያች የእንግዳ ቤት ባለቤት ጎረቤቶች ናቸው።

«ጋዜጠኛዋ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ አንደኛዋ።

«ነኝ።»

«እኛንም ይጻፉን እንጂ! አልጋ ሲያልቅባት እንግዳ የምታሳድረው እኛ ዘንድ ነው።»

«ፍራሼን እስካሁን አልመለሰችም፤ እሱንም ይጻፉ» አለች ሁለተኛዋ።

አብረን ሄድን። የብረቱን በር ቀስ ብለን ከፈትን። እንግዳ የተኛ ይኖራል ብለን ወሬያችንን አቁመን ነበር። ሦስታችንም ነጠላችን እንደተዘቀዘቀ ነው። እንመልሰው ብሎ ያሰበ የለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ቀንና ቦታ ሳጣራ የኖርኩ ሰው በትከሻዬ ላይ ያለውን አላየሁም።

አባትየው እግራቸውንና ፊታቸውን ታጥበው በፎጣ እየጠረጉ ከጓሮ መጡ። አዩን። ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ።

እንዲህ ያለውን ነገር ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሞተበትን ሰው በድንገት አይነግሩትም። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳይነጋ ይገቡበታል። ሌላ መልእክት የለውም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በዚያ ሰዓት በዚያ ዝምታ ሲገቡ ያየ አባት፣ ያውም ልጁ ሆስፒታል ያለች፣ ሌላ ሊያስብ አይችልም።

«ዋይ ጓለይ! ዋይ ልጄ!» አሉና መሬት ተቀመጡ። በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው፣ «ጓለይ፣ ጓለይ፣ ጓለይ።»

ሮጬ ሄድኩ። «ኣቦይ፣ ልጅዎ ደህና ናት! ለሌላ ነገር ነው የመጣነው!»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። እኔ ራሴ ለስንት ሰው መርዶ ልነግር ገብቼ መጀመሪያ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ብያለሁ። የሚባለው ይኸው ነው። እሳቸውም ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝና ይብስ ጮኹ።

«በማርያም እምላለሁ!» አልኩ።

ይህም ይባላል።

አንደኛዋ ጎረቤት ውሃ በጣሳ አመጣች። ለሐዘንተኛ ውሃ እንደሚቀርብ ታውቃለች፤ እጇ ቀደማት። ሁለተኛዋ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት አትችልም፤ ማልቀስ ጀመረች። ከሁለተኛው ክፍል አንዲት እንግዳ ወጥታ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ደረቷን መታች። አባትየው ከኪሳቸው ትንሽ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሚስታቸው ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው አለ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ጩኸታቸው ይሻለኝ ነበር።

አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የምለው ሁሉ ልጅቷን የሚገድል ቃል ሆነብኝ። ብናገር መርዶ ነው፤ ዝም ብል መርዶ ነው።

የቤቱ ባለቤት መጥረጊያ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። በሩ ላይ ቆማ እሳቸውን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ነጠላችንን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ መጥረጊያውን ወርውራ ጮኸች።

«ኣቦይ! ከመጠጥ ውሃዬ በርሜል እግርዎን የታጠቡት እርስዎ ነዎት?»

የምታለቅሰው ጎረቤት አፏን ከፍታ ቀረች።

«ለእርስዎ ነው የምናገረው! ውሃ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው? ሰልፍ ይዤ የሞላሁት በርሜል! ክዳኑ ተከፍቷል፣ ሳሙና ተንሳፍፎበታል!»

አባትየው ቀና አሉ። «እኔ?»

«ታዲያ ማን? ከእርስዎ ሌላ ከእኔ ቀድሞ የተነሣ አለ?»

«በርሜሉን አልነካሁም። ከጓሮው ጀሪካን ነው የታጠብኩት።»

«ከየትኛው ጀሪካን?»

«ከቢጫው!»

«ቢጫው ባዶ ነው!»

«ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኛ! ታጥቤ ጨረስኩት!»

«ምን ዓይነት እግር ነው ጀሪካን ሙሉ የሚጨርስ?»

«ሁለት ቀን የተጓዘ እግር ነው!» በጉልበታቸው ተነሡ። «ሽማግሌ ሰው ሌባ ታደርጊኛለሽ?»

«ሌባ አላልኩም፤ ቆሻሻ ነው ያልኩት!»

«ኧረ ተይ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ነውር ነው!» አለች ጣሳ የያዘችው ጎረቤት።

«አንቺ ዝም በይ! ውሃው ያንቺ አይደለም።»

አባትየው ቆመዋል። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ አፈር ይዟል። ጣታቸውን ወደ እሷ ቀስረዋል። «ሚስቴ ትምጣና ትጠየቅ! አርባ ዓመት ስኖር ከመጠጥ ውሃ ውስጥ እጄን እንኳ ነክሬ እንደሆነ፣ ልጄም ትመጣለች፣ እሷም ትንገርሽ! ልጄ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። እሷን አዩ፤ እኛን አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ።

«ልጄ ሞታ ቢሆን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስለ በርሜል አትጮሂብኝም ነበር።»

«አልጮህም ነበር» አለች።

ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ሲተነፍሱ ይሰማል። እሷ መጥረጊያዋን አነሣችና ወደ እኛ ዞረች። «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ነጠላችሁን መልሱ እንጂ!»

መለስን። የእኔን ጎረቤትየዋ ናት ያስተካከለችልኝ።

ወደ በርሜሉ ሄጄ አየሁ። ክዳኑ ተገጥሟል። ስከፍተው ውሃው እስከ ታች ድረስ የጠራ ነው፤ ሳሙና የሚባል የለበትም።

አባትየው ጫማቸውን ሲያደርጉ ማድ ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። «እንዴት አሰብሽው?»

«አላሰብኩትም» አለች። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። «ደህና ናት ብለው ማሉላቸው?»

«ማልኩ።»

«ለእኔም ምለውልኝ ነበር።»

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በእኛ ከተማ ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም። አጠገቧ ጥቂት ቆምኩ። በሕይወቴ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ አዋቂ ሲናገር ሰምቻለሁ። እንደዚያች ደቂቃ የተደነቅሁበት አላስታውስም።

የሚስታቸው ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ኖሯል። ከግቢው ሳንወጣ ከሰው ስልክ ደወለች፤ ልጅቷን አሁን እያስገቧት ነው። አባትየውን ለብቻቸው መስደድ አልሆንልሽ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አብሬያቸው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ እሳቸውና ሚስታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ በወዲያ በኩል። እስከ ቀትር ጠበቅን። አንድ ጊዜ ሚስትየዋ «ጉልበትህ ምን ሆኖ ነው አፈር የለበሰው?» አለቻቸው። «ወደቅሁ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይነሡና ይቀመጣሉ። በመጨረሻ አንድ ነርስ ወጥቶ የልጅቷን ስም ጠራ። እባጩ ወጥቷል፣ ደህና ናት፣ አሁን ትወጣለች አለ። ሚስትየዋ መሬቱን ሳመች። አባትየው ግን አልተንቀሳቀሱም። «ደህና ናት» የሚለውን ቃል ያን ቀን ሰምተውታል፤ ከእኔ።

ከዚያ አልጋው እየተገፋ መጣ። ልጅቷ ዐይኗን ጨፍናለች። ብርድ ልብሱ አጥሮ እግሮቿ ወጥተዋል። አባትየው ጠጋ ብለው ውስጥ እግሯን በአንድ ጣት ነኩ። እግሯን ሰበሰበች። በእንቅልፏ ውስጥ ሆና፣ ልክ እንደተኮረኮረ ሕፃን።

ያኔ አለቀሱ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤቴ ገብቼ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት «በዓይደር አካባቢ ለአስታማሚዎች የማረፊያ አገልግሎት እየተሰጠ መሆኑ ተገለጸ» የሚል ነበር። ማን ገለጸ? ማንም አልገለጸም። ያየሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ነጠላዬን ሳልመልስ የገባሁት። ይህን ለመጻፍ የሸሸሁት ቃል ግድ ሆነብኝ። በሦስተኛው ጻፍኩት።

አዲስ አበባ ያለችው ልጅ አንብባ ደወለች።

«ምን ልሰርዝ?» አልኳት።

«ምንም። አልጋው ስንት ሜትር እንደሆነ ግን አልጻፉም።»

«አልለካሁትም።»

«የሚቀጥለው ሳምንት የትኛው ቤት ነው?»

«ሓድነት» አልኳት። እንደምቀጥል የወሰንኩት መልሱ ከአፌ ሲወጣ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሴም አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግቢ ገብቻለሁ። ልጃቸው ሊመረቅ ከሌላ ክልል የመጡ ወላጆችን የሚያሳድር ቤት አይቻለሁ። ቋንቋቸውን ሳታውቅ ሦስት ቀን በእጅ ምልክት የምታስተናግድ አሮጊት አይቻለሁ። ሰው ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው አንሶላ ያነጥፋል፤ ያም ሰው በዚያ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ይህ በከተማችን በየቀኑ ይሆን ነበር። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ዜና አይደለም እል ነበር።

የዓይደሩ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ግን የሰዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ወደዚያው ግቢ ሄድኩ። ከእባጩ ተወስዶ የተመረመረው ውጤት መጥቶ ነበር፤ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ልጅቷ ያን ቀን ልትወጣ ነው። ለረጅሙ መንገድ እስክትጠነክር ጥቂት ቀን እዚህ ልታርፍ ነው። የቤቱ ባለቤት መጨረሻውን ክፍል ከጠዋት ጀምሮ ስታጸዳ ነበር። አንሶላውን ሁለት ጊዜ አንጥፋ ሁለት ጊዜ አነሣችው፤ አንዱ ሻካራ ነው፣ አንዱ ቀለሙ ለበሽተኛ አይሆንም አለች።

ጽሑፉን በቃል ነገርኳቸው።

«ይጻፉት፤ ስሜን ግን አይጻፉ» አለች የቤቱ ባለቤት። «ስም ከተጻፈ ነገ የሚመጣው እንግዳ ስጮህበት አያምነኝም።»

የማንንም ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

አባትየው ጥቂት አሰቡ። «እኔም ፈቅጃለሁ» አሉ። «እግሬን ከቢጫው ጀሪካን እንደታጠብኩ ግን ይጻፉልኝ።»

«ጽፌዋለሁ።»

«በርሜሉን እንዳልነካሁ?»

«እሱንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤቱ ባለቤት ፊቷን አዙራ ትራሱን ትመታ ነበር፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ።

ባጃጁ መጣ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ እስከ በሩ አስጠጋው። ልጅቷ በእናቷ ተደግፋ ወረደች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ እርምጃዋ አጭር አጭር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን ገልጣ አየኋት። ማንም «እንዴት ነሽ?» አላላትም። የቤቱ ባለቤት መንገዱን ለቀቀችላት፣ «ሻይ አለ» አለች።

ልጅቷ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ውስጡን አየች። ነጩን አንሶላ፣ ሁለቱን ትራስ፣ ሰፊውን አልጋ።

«እዚህ ነው ሲያድሩ የነበረው?» አለች አባቷን።

«እዚህ።»

«ብቻዎን? ይሄን በሚያህል አልጋ?»

«ብቻዬን።»

«እኛ እዚያ ከእናቴ ጋር በጠባብ አልጋ እየተገፋፋን እርስዎ እንደ ሙሽራ!»

«ቀሪው ባዶ እኮ ነው የሚያድረው» አሉ አባትየው ግራ ተጋብተው፣ «እኔ ጥጉን ብቻ ነው የተኛሁበት።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቁ ስፌቷን ነክቶት ወዲያው ሆዷን ያዘች። እናቷ አስቀመጠቻት፤ የቤቱ ባለቤት «በቃ፣ ትተኛ» ብላ ሁላችንንም አስወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ግቢው ውስጥ ቆመን ቀረን፤ አባትየው፣ የቤቱ ባለቤትና እኔ። ወዴት እንደምንሄድ የጠፋብን ይመስል ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል።

«ጥጉን ብቻ አሉ! ኧረ እናቴ አታስቂኝ፣ ያመኛል።»